የእማ ሳጥን፦ የዲኮፓጅ ሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ሐምሌ 3

ሳጥኑ ዛሬ ከእማ ቤት መጣ። ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር በባጃጅ። 150 ብር ጠይቆኝ በ120 ተስማማን። ግማሹ ከበሩ ውጭ ስለተንጠለጠለ መንገዱን ሙሉ በክንዴ አቅፌው ነው የመጣሁት። ርዝመት 92 ሳንቲ ሜትር፣ ወርድ 45፣ ቁመት 41። ጣውላው ጽድ ነው፤ ትንሽ ሲፋቅ ሽታው ይናገራል። ላዩ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ነው፤ አረንጓዴው በተላጠበት ከሥር ሰማያዊ ይታያል።

ያለበት ችግር፦ የታችኛው ጣውላ ዕድሜውን ሁሉ እርጥብ መሬት ላይ ስለኖረ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከሁለቱ ማጠፊያ አንዱ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የግራው ጥግ ላይ አይጥ በር አበጅታለች።

ሐሳቤ ውጭውን በሙሉ ዲኮፓጅ ማድረግ ነው። ለማያውቅ፦ ወረቀት ቆርጦ ዕቃ ላይ መለጠፍና ጠርዙ በጣት እስከማይታወቅ ድረስ በቫርኒሽ መቅበር። ስሙ መቁረጥ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። እስካሁን የሠራሁት ትሪ፣ የሻይ ቆርቆሮና አንድ ረከቦት ብቻ ነው። በጀት 3,000 ብር። እናያለን።

አሁን የክዳኑ ውስጥ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ከፍቼዋለሁ፣ እንደ ሥራ ግን አይቼው አላውቅም። የሳሙና መጠቅለያ፣ በጥፍር ተዳምጦ የተስተካከለ የከረሜላ ወረቀት፣ ሐይቅ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ቅጠል፣ መሀል ላይ ደግሞ ከመጽሔት የተቆረጠች አፍሮ ያበጠረች ሴት። እማ ስትዳር ራሷ የለጠፈችው ነው፣ በዱቄት ሙጫ። ደውዬ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት።

«ምን መማር ያስፈልገዋል? ያገኘነውን እንለጥፍ ነበር። የቤቱንስ ግድግዳ ማን አስተምሮን ለጠፍነው?»

እውነቷን ነው። ግድግዳው ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ቤት ነው ያደግሁት። ፊደል የለየሁት ከአልጋዬ ራስጌ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ገጽ ላይ አንገቴን አጣምሜ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስልክ ቪዲዮ ስለቃቅም የኖርኩት ነገር እቤት ውስጥ ክዳን ተከድኖበት ነበር።

የክዳኑን ውስጥ መጨረሻ ላይ እናየዋለን። ለጊዜው አልነካም።

ሐምሌ 5 – 9

ማራገፍ። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፈግፍጌ አቧራውን መሳብ አልፈለግሁም። በውሃ እየነከርኩ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ውጭ በረንዳ ላይ። ብርጭቆ ወረቀት ባለ 80 (ሻካራው) አራት ቅጠል፣ ባለ 120 (ለስለስ ያለው) ሦስት ቅጠል፤ አንዱ 45 ብር። ሁለት ቀን ዝናብ አስቆመኝ። በአራተኛው ቀን ሰለቸኝና «የለቀቀው ለቋል፣ የያዘው ይያዝ» ብዬ ተውኩት። ይህን ዐረፍተ ነገር አስታውሱት፣ እዳው ይመጣል።

ታችኛውን ጣውላ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አናጺ በ6 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ቀየረው፤ ከነሥራው 700 ብር። ጥንድ ማጠፊያ 180። የአይጧን በር እኔው ደፈንኩት፣ ከአናጺው ወለል በነፃ በዘገንኩት ሰጋቱራና በነጭ ኮላ። ጥግ ላይ ስቱኮ አልወድም፤ አንዴ ከተመታ ይረግፋል። ሰጋቱራና ኮላ ሲደርቅ ግን እንደ እንጨቱ ይፈገፈጋል።

ሐምሌ 12

መደብ ቀለም። ወረቀቱ፣ በተለይ ናፕኪን፣ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቀለም ሁሉ ያሳልፋል፤ ስለዚህ መደቡ ነጭ መሆን አለበት። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ ኪሎ 320 ብር፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። አምሮ አደረ።

ሐምሌ 13

በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ወተት ስልባቦት ተነሣ። ጫፉን ይዤ ስስበው መዳፍ የሚያክል ቁራጭ አንድ ላይ መጣ። ከሥሩ ያ «የያዘው ይያዝ» ያልኩት አረንጓዴ ያበራል። ፕላስቲክ ቀለም የሚያንጸባርቅ ዘይት ቀለም ላይ መቆናጠጫ የለውም። ብርሃኑ መጥፋት ነበረበት፤ ሙሉ በሙሉ መነሣት እንኳ ባያስፈልገው ፊቱ መሻከር ነበረበት።

ሐምሌ 15

እንደገና። ነጩን በሙሉ ገፈፍኩት (ይህስ ቀላል ሆነ፣ እንደ ቆዳ ነው የሚላጠው)። አረንጓዴውን ባለ 120 ይዤ ብርሃኑ እስኪጠፋ ፈገፈግሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፣ አደረቅሁ፣ ቀባሁ። አሁን ፕላስተር ለጥፌ በኃይል ነቀልኩት። ምንም አልመጣም። ከእንግዲህ የትኛውም ዕቃ ላይ የፕላስተሩን ፈተና ሳላደርግ አላልፍም።

ሐምሌ 17

ወረቀት። አራት ነን እንዲህ ዓይነት ሥራ የምንሠራ፤ ሦስታችን ደሴ፣ አንዷ ኮምቦልቻ። የተዋወቅነው ናፕኪን ፍለጋ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ከውጭ የሚመጣ ባለ አበባ ናፕኪን አንዱ ፓኬት 20 ፍሬ ይይዛል፣ ሃያውም አንድ ዓይነት ነው። ለአንድ ትሪ ሁለት ፍሬ ይበቃል። የቀረውን 18 ምን ልታደርጊው ነው? ስለዚህ እያንዳንዳችን የተለያየ እንገዛና እንከፋፈላለን። የዛሬው 240 ብር ነው፣ ለአራት ሲካፈል 60 ብር፣ አምስት አምስት ፍሬ።

ፒያሳ አንዷ ቤት ቡና ተፈልቶ ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ናፕኪኑ ሦስት ገጽ ነው፤ ሥዕሉ ያለው የላይኛው ብቻ ነው። ጠርዙን በእርጥብ ጣት አሻሽቶ ሁለቱን ነጭ ገጾች መለየት። ካልተለዩ በገጾቹ መሀል አየር ይቀራል።

አንዷ ጓደኛችን ጋዜጣ ከመቁረጧ በፊት ጎንና ጎኑን አንብባ የፈጣሪ ስም የተጻፈበትን ለይታ ታስቀምጣለች። መቀመጫ ላይ ወይም እግር የሚደርስበት ቦታ እንዳይውል። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ ልማዱን ግን ከእሷ ወስጄ እኔም ለቃቅሜ አስቀምጣለሁ። ሥራው በግማሽ ሰዓት ይዘገያል። ምንም አይደለም።

ሐምሌ 19

ለሳጥኑ ፊትና ለክዳኑ የፈረንጅ ጽጌረዳ አልፈለግሁም። የእማን የጥንት ቀሚስ ጥለት እፈልጋለሁ። ፎቶ አንሥቼ ሞከርኩ፤ ጥለቱ መሀሉ ሰፍቶ ጫፉ ተጣመመ። ስለዚህ ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩና መስታወቱ ላይ ዘረጋሁት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ይሄ ልብስ ንጽሕና ቤት አይደለም።»

«ስካን አድርግልኝ። በ300 ዲፒአይ ጥራት።»

አራት ጊዜ እያንሸራተትን ስካን አደረገው። ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ክር ክሩ ይቆጠራል፤ እማ በአንድ ወቅት በሌላ ቀለም የጠቀመችው ቦታ እንኳ ይታያል። በቀለም 12 ቅጠል አሳተምኩ፣ አንዱ 25 ብር፣ 300 ብር።

ሐምሌ 21

ሦስት ቅጠል አበላሸሁ። ኮላ በብሩሽ ሳሳልፍበት ቀዩ ወደ ቢጫው ፈሰሰ፣ ነጩ ሮዝ ሆነ። የልጁ ማተሚያ በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ኖሯል። ያ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ኮላ ደግሞ ግማሹ ውሃ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጁ ያዘዝኩትን ነው የሠራው።

ሐምሌ 24

ሌላ ቤት፣ በሌዘር ማተሚያ፣ አንዱ ቅጠል 35 ብር፣ 12 ቅጠል 420 ብር። የሌዘሩ ቀለም በሙቀት ወረቀቱ ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ውሃ አያስለቅቀውም። ጫፉን ቆርጬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤ ሲያድር አልለቀቀም።

ግን ወፍራም ነው፣ ተራ ባለ 80 ግራም ወረቀት። የመጀመሪያው ቅጠል እንደ ደረቀ እንጀራ ተኮማተረ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ከርዝመቱ ይልቅ ወደ አንድ ጎን አብልጦ። ከሥር ኮላ ይዞት ከላይ ሲለጠጥ መሄጃ ሲያጣ ይነሣል። መድኃኒቱ ከመለጠፉ በፊት እንዲለጠጥ ማድረግ ነው። አሁን እያንዳንዱን ቁራጭ ለአንድ ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ በፎጣ መሀል አስቀምጬ ውሃውን አነሣለሁ፣ ከዚያ ኮላ በተቀባው እንጨት ላይ ከመሀል ወደ ዳር በአሮጌ የስልክ ካርድ እየገፋሁ አስተኛዋለሁ። የቀሩትን አረፋዎች በመርፌ ወግቼ በጣት መጫን። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ሦስት አረፋ ብቻ ቀረ፣ አምስተኛው ላይ አንድም።

መቁረጡ ግን ሥራ ነው። የጥለቱን ጥርስ በምላጭ፣ ጠመዝማዛውን በትንሽ መቀስ። ምስጢሩ መቀሱን አለማዞር ነው፤ መቀሱ እንደቆመ ወረቀቱን ማዞር። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ የወረቀት አበቦቿን መቁረጥ የጀመረችው በ72 ዓመቷ ነው፤ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሠርታ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። እኔ በ43 ዓመቴ አንገቴን ያመመኝ አንድ ሜትር ጥለት ቆርጬ ነው።

ሐምሌ 27

ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ላይ ናፕኪኑን በካውያ። ይህ ዘዴ ለስስ ወረቀት ከሁሉም ይሻላል፦ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ኮላ መቀባት፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ናፕኪኑን ደረቁን ማስተኛት፣ ኬክ መጋገሪያ ወረቀት ማልበስ፣ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ መተኮስ። ነጭ ኮላ ከደረቀም በኋላ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ይይዛል። ውሃ ስለሌለ ሽብሽብ የለም። በሃያ ደቂቃ ሁለቱም ጎን አለቀ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

በዚሁ ጠባዩ ነው ባለፈው ዓመት ረከቦቴን ያበላሸው። ትኩስ ጀበና አስቀመጡበትና ሲያነሡት ክብ ወረቀት ይዞ ተነሣ። ለሳጥን ችግር የለውም፤ የቡና ዕቃ ላይ ግን ነጭ ኮላ ማመን ቀረ።

ነሐሴ 1

ደሴ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል፤ የግቢው በር አይታይም። የክዳኑን ላይ ከለጠፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ኮላው አሁንም ነጭ ነው። ሲደርቅ መስታወት መምሰል ነበረበት። ጣቴን ስጭንበት ይቀዘቅዘኛል፤ የቀዘቀዘ ማለት ውሃው ገና አልወጣም።

ይባስ ብሎ ትናንት ማታ የቀባሁት የፊቱ ጥግ ዱቄት ሆኗል። ኮላ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ቀልጠው አንድ ቆዳ መሆን አለባቸው፤ ብርዱ ሲበዛ ግን ሳይጋጠሙ ለየብቻ ይደርቃሉ። በጨርቅ ስነካው እንደ ጠመኔ ለቀቀ።

ነሐሴ 2

ከሰል አቀጣጥዬ ማንደጃውን አጠገቡ አደረግሁ። በር ከፍቼ፣ ምክንያቱም የከሰል ጢስ ሰው ይገድላል። በሩ ሲከፈት ጉሙ ይገባል። ማንደጃውን ሳስጠጋ ወደ እሱ ያለው ጎን አረፋ አወጣ። አራት ቦታ በመርፌ። ሌላዋ ጓደኛዬ የፀጉር ማድረቂያ አመጣችልኝ፣ መብራት ሄደ።

ነሐሴ 5

ችኮላዬ ያስከፈለኝን ልጻፍ።

አንድ የማውቀው ዕቃ ቤት ሠራተኛ «ቫርኒሽ ምን ያደርግልሻል፣ ሲለር በቲነር አቅጥነሽ ቀቢው፣ በሩብ ሰዓት ይደርቃል» አለኝ። ሊረዳኝ ነው፤ እሱ አልጋና ቁምሳጥን እንዲህ ነው የሚያደርቀው። ሲለር ማለት ፈጥኖ የሚደርቅ የእንጨት ልባስ ነው። ሲለር ግማሽ ሊትር 380፣ ቲነር 200። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሳጥኑን ፊት ቀባሁት።

እውነትም በሩብ ሰዓት ደረቀ። ነጭ ሆኖ። በላዩ ላይ ጉም የተኛበት ይመስላል። በኋላ እንደገባኝ ቲነር ሲተን በጣም ፈጣን ነው፤ ሲሮጥ የቀባሽውን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ፊት ደግሞ ከእርጥብ አየር ላይ ውሃ ይስባል። ውሃው ከሲለሩ ውስጥ ተይዞ ነጭ ይሆናል። በበጋ ቢሆን ኖሮ ላይደርስብኝ ይችል ነበር።

ነጩስ ባልከፋ፣ በሌላ ቀን ቀጭን ቲነር ሲያልፍበት ይለቅ ይሆናል ብዬ ነበር። ጨርቅ ነክሬ ጥግ ላይ አሻሸሁ። ነጩ ለቀቀ። ጥለቱም አብሮ ለቀቀ። ውሃ የማይደፍረው የሌዘር ቀለም ፕላስቲክ ነው ብያለሁ፤ ፕላስቲክ ደግሞ የቲነር ምግብ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ጨርቄ ላይ ጭቃ ሆነው ወጡ።

ነሐሴ 6

አልሠራሁም።

ነሐሴ 8 – 11

የፊቱን ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ አነሣሁ። በመጀመሪያ ሲለሩን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ሞቅ ያለ አቼቶ የነከርኩበት ጨርቅ አልብሼ በላስቲክ ሸፍኜ ሁለት ሰዓት። አቼቶ የደረቀ ነጭ ኮላን ያለሰልሳል። ወረቀቱ ከሞላ ጎደል በስፓቱላ ተነሣ። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። መደቡን በከፊል እንደገና ቀባሁ። ተጨማሪ 5 ቅጠል አሳተምኩ፣ 175 ብር። በጀቱ እዚህ ላይ 3,000ውን ተሻግሯል፤ ከዚህ በኋላ መቁጠር ለንጽሕና ብቻ ነው።

ነሐሴ 16

ሳጥኑ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ሐሳቡ የኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ ነው። «እዚያ ጉም ላይ ሆነሽ ምን ትታገያለሽ፣ አምጪው» አለችኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ክረምቱ እዚያም ይዘንባል፣ ግን ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ አለ።

የሚኒባሱ ረዳት ሳጥኑን ላይ እንጫነው አለ። እንቢ አልኩ፣ እርጥብ ሥራ ነው። «እንግዲያው ሰው ነው» አለና የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፈለኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ ከጎኔ ተቀመጠ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ በየኩርባው ወደ እኔ ይደገፋል። አጠገቤ ያሉ እናት «የሙሽራ ነው?» አሉኝ። «የእናቴ ነው» አልኳቸው። «እሷም ሙሽራ ነበረች» አሉና አንሶላውን ከጭቃ ላይ አነሡልኝ። ሐረጎን ስንጨርስ ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ከታች ቦርከና ሜዳ ላይ ፀሐይ ነበር።

ነሐሴ 17 – ጳጉሜን 3

ኮላው በአንድ ቀን ተኩል መስታወት ሆነ። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ነገር! አሁን ቫርኒሽ። ውሃ የሚያቀጥነው ዓይነት ፈልጌ አጣሁ፤ እሱ ቢገኝ ወደ ቢጫ አይሄድም። ያለው የዘይቱ ነው፣ ሊትሩ 720 ብር፣ ማቅጠኛ አኳራጅ 150። አኳራጅ እንደ ቲነር ቁጡ አይደለም፤ አስቀድሜ አንድ ትርፍ ቅጠል ላይ ፈትኜው የሌዘሩን ቀለም አልነካም። ለደኅንነቱ ግን ከቫርኒሹ በፊት ሁለት ጊዜ ቀጭን ኮላ አለበስኩት።

የዱሮዎቹ ቬኒስ ውስጥ ይህን ሥራ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠሩት ዓላማቸው ከእስያ የሚመጣውን ውድ የላከር (የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ልባስ) ዕቃ መምሰል ነበር። ላካ ፖቬራ ይሉታል፣ የድሃ ላከር። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ሠላሳና አርባ ጊዜ ቫርኒሽ የሚደርቡ ነበሩ። እኔ ለስምንት ተስማምቻለሁ። በየሁለተኛው ቀን እየተመላለስኩ ሦስቱን ቀባሁ፣ አምስቱን ጓደኛዬ። እሷ ከፋብሪካ ፈረቃ ስትወጣ በረንዳዋ ላይ አንድ እጅ ታሳርፍና ፎቶ ትልክልኛለች።

ሦስተኛው እጅ ላይ ሁለት ዝንብ ተጣበቀ። ኮምቦልቻ ሙቀቱን ስትሰጥ ከነዝንቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ከወንበር ወንበር ገመድ ወጥራ ነጠላ ዘረጋችበት።

ከአራተኛው በኋላ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ቀስ ብሎ። ክዳኑ ጥግ ላይ እጄ ከበደና የቫርኒሹን ንጣፍ አልፌ ወረቀቱ ጋ ደረስኩ፤ የጥፍር ያህል ነጭ ወጣ። በልጄ የትምህርት ቤት ውሃ ቀለም ሞልቼ ቀጠልኩ። የት እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጥግ ላይ ሁልጊዜ ንጣፉ ይሳሳል፤ ጥግ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጣት ነው መነካት ያለበት።

ስምንተኛው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አሳለፍኩበት። የጥለቱ ጠርዝ ሁለት ቦታ ብቻ ይታወቃል። ነጩ ትንሽ ወደ ቅቤ ቀለም ሄዷል፣ ዘይቱ ነው። ለጥለት ክፉ አይደለም፤ ታጥቦ የቆየ ሸማ መሰለ።

መስከረም 9

ወደ ደሴ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የኮምቦልቻዋ ጓደኛዬ የምታውቀው አንድ ሰው በፒክአፕ፣ በነፃ።

መስከረም 14

የክዳኑ ውስጥ። የላላውን ጠርዝ ሁሉ በቀጭን የስንዴ ዱቄት ሙጫ መልሼ አስያዝኩ። እዚህ ላይ ነጭ ኮላ አልተጠቀምኩም፤ የዱቄት ሙጫ ወደፊት ማንም በእርጥብ ጨርቅ ሊያስለቅቀው ይችላል፣ ኮላ ግን እንደኔ አቼቶ ያስፈልገዋል። ለዱቄት ብል ይመጣል፤ የመጣው ይምጣ፣ እስካሁን የበላው ሁለት የከረሜላ ወረቀት ጫፍ ነው።

እዚህ ማቆም ነበረብኝ። ብሩሼ ላይ ቫርኒሽ ነበር።

«ከብል ይጠብቃታል» ብዬ የመጽሔቷን ሴት ጉንጭ ላይ አንድ እጅ አሳለፍኩ። ወረቀቱ ኮላ አልለበሰም፣ ባዶ ነው። ዘይቱ እንደ በርበሬ ወጥ ሰረገና ወረቀቱ ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። ከጀርባዋ ያለው ጽሑፍ፣ ስንት ዓመት ተሸፍኖ የኖረው፣ ፊቷ ላይ ወጣ። የተገለበጡ ፊደሎች፣ ሦስት መስመር፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ። በአኳራጅ ለማንሣት ስሞክር ወደ አንገቷ ተስፋፋ። እጄን ሰበሰብኩ።

ስለ እንጨቱ ስንት ነገር ፈትኜ፣ በፕላስተር ነቅዬ፣ በብርጭቆ ውሃ አሳድሬ፣ ሊተካ የማይችለውን አንድ ወረቀት ሳልፈትን ቀባሁት።

መስከረም 24

ሌላ ነገር። ክዳኑን ለዐሥር ቀን ዘግቼው ኖሮ ዛሬ አልከፈት አለ። ቫርኒሹ ላዩ ደርቋል እንጂ ውስጡ ገና ነው፤ ክዳኑና አፉ ሲጫጫኑ ተያይዘዋል። የጥርስ ክር አስገብቼ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ። ጠርዙ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥለት ተነሣ፣ መልሼ ለጠፍኩት። ሁለቱንም ጠርዝ ሻማ አሸሁት፣ በየጥጉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ አደረግሁ እንዳይነካኩ። የዘይት ቫርኒሽ በዚህ ብርድ ቢያንስ አንድ ወር መጠበቅ ነበረበት። ሲነኩት አለመጣበቁ ማለት ደርቋል ማለት አይደለም።

ጥቅምት 5

ሂሳብ፦ አናጺና ማጠፊያ 880፣ ብርጭቆ ወረቀት 405፣ መደብ ቀለም 320 (ሁለተኛውም ከዚያው ወጣ)፣ ኮላ ሁለት ኪሎ 800፣ ናፕኪን 60፣ ኅትመት ሁሉም 895፣ ሲለርና ቲነር 580 (ሙሉ ኪሳራ)፣ ቫርኒሽና አኳራጅ 870፣ አቼቶ 90። ትራንስፖርቱን ሳልጨምር 4,900 ብር። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1,200ው የችኮላ ነው።

እማ ዛሬ መጣች። መጀመሪያ ላዩን በመዳፏ ዳበሰች።

«ጥለቱ የኔ ነው?»

«የቀሚስሽ ነው።»

«አረንጓዴው ግን እንዲህ አልነበረም።» ልክ ናት፣ ማተሚያው አጥቁሮታል። በጣቷ እየተከተለች ሄዳ ጠቅማው የነበረውን ቦታ አገኘችና ቆመች። «ይኼንንም አመጣሽው?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ክዳኑን ከፈተች። እኔ ቡና ለማየት ተነሣሁ፤ ማየት አልፈለግሁም። ዝም አለች። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ተጠጋች።

«እማ፣ እሷን አበላሸኋት። ዘይቱ ከጀርባዋ ያለውን ጽሑፍ አወጣው።»

«ይች ሴትዮ» አለች እማ፣ ጉንጯ ላይ ያሉትን የተገለበጡ ፊደሎች ለማንበብ አንገቷን እያጣመመች፣ «ዱሮም ወሬኛ ትመስለኝ ነበር።»

ሳጥኑ ክፍት ሆኖ መስኮቱ ሥር አለ። የቫርኒሹ ሽታ እስኪለቅ ልብስ አይገባበትም። እማ ለኅዳር ሚካኤል ትፈልገዋለች።